ሞት የተፈረደባቸው ተዋንያን፦ «ወደ ጨረቃ ይበልጥ ቀርቦ» የተሰኘው ፊልም ሲመዘን

እውነተኛ ታሪክን መነሻው የሚያደርግ የፊልም ደራሲ ዝርዝሩን የመለወጥ፣ ስም የመቀየር፣ የብዙ ሰዎችን ጠባይ በአንድ ገጸ ባሕርይ አጠቃልሎ የማቅረብ ነጻነት አለው። ይህ የጥበብ ሕግ ስለ ሆነ አያከራክርም። የሚያከራክረው ደራሲው በነጻነቱ ተጠቅሞ ለተመልካቹ ምን አተረፈለት የሚለው ነው። ሩማንያዊው ናዬ ካራንፊል ደርሶና አዘጋጅቶ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ለሕዝብ ያቀረበው «ወደ ጨረቃ ይበልጥ ቀርቦ» የተሰኘ የእንግሊዝኛ ፊልም መመዘን ያለበትም በዚሁ ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩ መነሻ የሚከተለው ነው። ሐምሌ 28 ቀን 1959 በቡካሬስት ከተማ የታጠቁ ሰዎች የብሔራዊ ባንክ ገንዘብ የጫነ መኪና አጥቅተው 1,600,000 ሌይ ያህል ዘረፉ። በዚሁ ዓመት ተይዘው ሲመረመሩ አምስት ወንዶችና አንዲት ሴት ሆነው ተገኙ። ተራ ቀማኞች ግን አልነበሩም። አሌክሳንድሩ ዮአኒድ የሚሊሺያ ኮሎኔል፣ ወንድሙ ፖል መሐንዲስ፣ ሳሻ ሙሻት የታሪክ መምህር፣ ሃራላምቢዬ ኦቤዴያኑ ጋዜጠኛ ነበሩ። አይሁዳውያን ከፓርቲውና ከጸጥታ መሥሪያ ቤቶች በሚገለሉበት በዚያ ዘመን፣ እነዚህ ቀደም ሲል ሥርዓቱን ያገለገሉ አይሁዳውያን ከአገር ውጭ የማይመነዘር ገንዘብ ለመዝረፍ ለምን እንደ ተነሡ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከዘረፋው ይልቅ የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ተጠርጣሪ ወንጀሉ በተፈጸመበት ቦታ ተገኝቶ ድርጊቱን መርቶ ማሳየቱ በፖሊስ ምርመራ የተለመደ ነው። የሩማንያ መንግሥት ግን ይህንኑ አሠራር ወደ ሲኒማ አሸጋገረው። በ1960 ቪርጂል ካሎቴስኩ ባዘጋጀው «ሬኮንስቲቱይሬያ» በተባለ ፊልም እስረኞቹ ራሳቸውን ሆነው እንዲተውኑ ተደረገ፤ ፊልሙም ለተመረጡ የፓርቲ አባላት ታየ። አምስቱ ወንዶች በዚያው ዓመት በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። ሞኒካ ሴቪያኑ የልጆች እናት በመሆኗ ከሞት ተርፋ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት፤ በ1964 ከተፈታች በኋላም ወደ እስራኤል ሄደች።

ይህን የመሰለ ታሪክ በካራንፊል እጅ መግባቱ ብዙ ተስፋ የሚያሳድር ነበር። በ2007 «የቀረው ዝምታ ነው» በተሰኘው ሥራው የመጀመሪያው የሩማንያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም እንዴት እንደ ተሠራ በማሳየት የቀረጻ ሥፍራን ሕይወት ጠንቅቆ እንደሚያውቅ አስመስክሯል። በአዲሱ ፊልም ውስጥም ሕይወት ያላቸው ትዕይንቶች እነዚሁ የቀረጻ ትዕይንቶች ናቸው። መጠጥ ያሸነፈው አዘጋጅ፣ ከበላይ የሚጠባበቀው የደኅንነት ሹም፣ በድንገት ካሜራ እጁ የገባው ወጣት ሳቅም ፍርሃትም ይፈጥራሉ። ቬራ ፋርሚጋም የተሰጣትን ሚና በክብር ተጫውታለች። ፊልሙ በ2015 በሩማንያ የጎፖ ሽልማት በምርጥ ፊልምነት መመረጡ ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሙሉ ሥራው ሲታይ ወርቅ ላበደረ ጠጠር የመመለስን ያህል ነው። የመጀመሪያው ድክመት ቋንቋው ነው። ከተማዋ ቡካሬስት፣ ስሞቹ የሩማንያ፣ አንደበቱ ግን የእንግሊዝኛ ነው፤ ዋና ዋናዎቹን ሚናዎች የያዙትም እንግሊዛውያንና አሜሪካውያን ተዋንያን ናቸው። በባዕድ ቋንቋ መተወን በራሱ ነውር አይደለም፤ ሼክስፒር በአማርኛ መድረክ ላይ ተጫውቶ ተወዷል። ነገር ግን የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ሰዎች የራሳቸው ባልሆነ ጽሑፍ ስለ ራሳቸው እንዲናገሩ መገደዳቸው ነው። ቀድሞውኑ ሁሉም በተውሶ ቋንቋ ሲናገር፣ የተገደደው ንግግር ከነጻው የሚለይበት ድምፅ ይጠፋል።

ሁለተኛው ድክመት የገጸ ባሕርያቱ አሳሳል ነው። ስድስቱ ሰዎች አምስት ሆነዋል፤ ይህ የደራሲው መብት ነው። አምስቱም ግን ቀልደኞች፣ ደፋሮች፣ የሚያስቀኑ ወዳጆች ብቻ ሆነው ቀርበዋል። ቀድሞ ያገለገሉት ሥርዓት በሌሎች ላይ ያደረሰው በደል በኅሊናቸው ሲከብዳቸው አይታይም። ዘረፋውም የአንድ ምሽት ጨዋታ የወለደው ጀብዱ መስሎ ያልፋል። የአሥር ዓመት ቅሬታና ጸጸት ያልቀደመው ጀብዱ ደግሞ ተመልካቹን ያዝናናው እንደ ሆነ እንጂ አያስጨንቀውም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ድክመት እዚህ ላይ ይደረሳል። ሞት የሚጠብቀው ሰው ያንኑ ድርጊት በካሜራ ፊት «እንደገና» ሲባል በልቡ ምን ያድራል? መተወን ማለት ያልሆኑትን መምሰል ነው፤ እዚህ ግን ሰው ራሱን እንዲመስል ታዟል። ሆን ብሎ ቢሳሳት ቀረጻው ይደገማል፤ ቀረጻው በተደገመ ቁጥርም አንድ ተጨማሪ ቀን አደባባይ ይውላል። ቴያትር ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የበለጠ ግጭት አይገኝም። ካራንፊል ደጃፉ ድረስ ይደርስና ወጣቱ ካሜራ ያዥ ለእስረኛዋ ወዳደረበት ፍቅር ዞር ይላል። የሟቾቹ ታሪክ ለተመልካቹ ወጣት የማደጊያ ትምህርት ሆኖ ይቀራል።

የሞኒካ የልጅ ልጅ አይሪን ሉስቲግ በ2001፣ አሌክሳንድሩ ሶሎሞን በ2004 በዚሁ ጉዳይ ላይ ያዘጋጇቸው ዘጋቢ ፊልሞች የኮከብ ተዋንያንም የጀብዱ ጌጥም የላቸውም። ካሎቴስኩ የቀረጻቸውን ፊቶች መልሰው ያሳያሉ፤ ይጠይቃሉም። የ1960ው ፊልም ለአዛዦቹ ሐሳብ የተሠራ ቢሆንም ፊቶቹን ሐሰተኛ ማድረግ አልቻለም። ካራንፊል ለሟቾቹ ወዳጅ ሆኖ ተነሥቷል፤ በጎ ፈቃዱ አያጠራጥርም። ዳሩ ግን ያ መንግሥት ባላንጣ አድርጎ ያቀረባቸውን ሰዎች እርሱ አስደሳች ጀግኖች አድርጎ አቅርቧቸዋል፤ በሁለቱም ጽሑፎች ውስጥ የራሳቸው ቃል አልተሰማም።