«ምጥጠት» እና «ልጥፈት»፦ ውሃን ከብረታ ብረት ስለ ማጽዳት በሚነገሩ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

እርሳስን፣ ካድሚየምንና ክሮሚየምን በከሰል፣ በሸክላ አፈር ወይም በሰብል ተረፈ ምርት ከውሃ ስለ መለየት በአማርኛ ሲጻፍ ሂደቱ ብዙ ጊዜ «መምጠጥ» ይባላል። ስያሜው ስሕተት ነው እንላለን፤ ጉዳቱም ከመጽሐፍ አልፎ ከእንስራ ይደርሳል።

እንጀራ ወጥ ሲመጥጥ ፈሳሹ ከውስጡ ይሰርጋል። ጥላሸት ከድስት ቂጥ ሲለጠፍ ግን ከገጹ ላይ ይቀራል። የከሰል ሥራ ሁለተኛውን ይመስላል፤ ብረቱ የሚያዘው በገጹ ነው፣ በደቃቅ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ገጽ ጭምር ተቆጥሮ። «አድሶርፕሽን» የሚለውን ቃል ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪክ ካይዘር ያስገባው በ1881 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በእኛ አጻጻፍ ከ«አብሶርፕሽን» የሚለየው በአንድ ፊደል ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ጥንድ መዋስ ለጆሮ አያመችም። ስለዚህ ለዚህኛው «ልጥፈት»፣ ለሌላው «ምጥጠት» እንዲባል እናሳስባለን። «ልጠፋ» የማስታወቂያ ለጣፊን ስለሚያስታውስ አልመረጥነውም።

«ከባድ ብረት» የሚለውም አያረካንም። የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ ገበሬ «ብረት» ሲባል ማረሻውን ያስባል። በውጭም ቢሆን ስያሜው ተነቅፏል፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት መጽሔት ትርጉም አልባ ሊባል ይችል እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጽሑፍ አትሟል። እያንዳንዱን በስሙ መጥራት ይሻላል። (የምንጽፍበት እርሳስ ግን እርሳስ የለበትም!)

ይኸው ገበሬ ጭድን ከእብቅ አይቀላቅልም፤ ሁሉንም «ገለባ» ብሎ የሚያልፈው ተርጓሚው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ብረቶችን ለመያዝ የተፈተሸው የጤፍ ጭድ ነበር። «ገለባ» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢው የትኛውን እንዲሰበስብ እንደ ነገረው አይታወቅም።

ከሁሉ የሚያሳስበን «ማጣራት» ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው የእርሳስ መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ ይህን ያህሉ በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይለይም፣ በነጠላም አይያዝም። «የተጣራ» የተባለ፣ ኩልል ያለ ውሃ የቀረበለት ሰው ለምን ይጠራጠራል?

ከሰሉ የሚለጥፍበት ገጽ ሲያልቅ መያዙን ያቆማል። ለዚህ «ሳቹሬትድ» ብሎ መጻፍ አያስፈልግም፤ መሬቱ ውሃ ጠገበ እንደሚባል ከሰሉም «ጠገበ» ይባል። የጠገበ ከሰል ይለወጣል፤ የያዘው ብረት ከእርሱ ጋር ስላለ ከጓሮ አይደፋም።