አንድ ቅጽል፣ አንድ ሰው

«ልዩ» የሚለውን ቃል ረቂቄ ውስጥ ባገኘሁት ቁጥር እሰርዘዋለሁ። ልዩ ውበት፣ ልዩ ችሎታ፣ ልዩ ስብእና... ከማን እንደተለየ ሳይነግረን ያልፋል። «ድንቅ»ም «አስገራሚ»ም የዚያው ዘመዶች ናቸው፤ የሳሙና ማስታወቂያ ጨርሷቸዋል።

ለአንድ ሰው አንድ ቃል መስጠት እንዴት እንደሆነ ያሳየኝ ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሳ የሚባል ሰው አለ፤ ካሳ ብቻ ብሎ የሚጠራው አንባቢ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ጉዱ ካሳ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ወዲህማ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቀውም ያውቀዋል።

ቃሏን ጠጋ ብለን እንያት። «ጉደኛው» ተብሎ ቢሆን ካሳ ከብዙ ጉደኞች አንዱ በሆነ ነበር። «ጉዱ» ሲባል ግን ሰውየው ራሱ ጉድ ሆኖ ቁጭ አለ፤ መጨረሻዋ ላይ የተቀጠለችው «ኡ» ደግሞ ሁለተኛ እንዳይፈለግለት በሩን ዘጋችው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቃሉ የማን መሆኑ ነው። ሐዲስ በራሱ አንደበት አልፈረደበትም፤ ስሙን ያወጣለት አገሬው ነው። የመኳንንቱን ትምክህትና የአገሩን ልማድ የሚነቅፍ፣ እንደ ፊታውራሪ መሸሻ ካሉት የመጽሐፉ መኳንንት ጋር የማይስማማ ሰው በዚያ ዘመን ጎጃም ሌላ ምን ሊባል ኖሯል? አንባቢው ንግግሩን እየሰማ ሲሄድ፣ ጉዱ ካሳ ነው ወይስ ስም አውጪዎቹ ማለት ይጀምራል። ቃሏ ሰውየውን ስላ ሳታበቃ መንደሩንም ሳለችው።

የቀድሞ ሰዎች በፈረስ ስም ይህን አሳምረው ያውቁበት ነበር። በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር፤ የጦር ሰው ሆነው ሳለ ስማቸው የያዘው ብልሃታቸውን ነው። የቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ደግሞ ቅጽል እንኳ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው።

እኔ አሁን የምጽፈው ታሪክ ውስጥ አንዲት ባለ ጉልት አሮጊት አሉ። መጀመሪያ ላይ «ቁጥብ፣ ዝምተኛና ጠንቃቃ» ብዬ ሦስት ቃል ደርድሬላቸው ነበር፤ ሦስቱም ተደምረው ፊታቸውን አላሳዩኝም። አሁን «ቋጣሪዋ» ናቸው። ሳንቲሙን በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥራሉ፤ ቂሙንም በሆዳቸው። አንዱ ድርጊት ለገበያውም ለጠቡም ስለሚያገለግል ቅጽሉን መድገም አላስፈለገኝም፤ ጣቶቻቸው ወደ ነጠላው ጫፍ ሲሄዱ ይበቃል። ረቂቁን ያነበበ ወዳጄ «ንፉጓን» ጨምርበት አለኝ፣ እንዲጠነክር። አልጨመርኩም። ንፉግ ቢሆኑማ ለጎረቤት ለቅሶ ከሁሉ ቀድመው ያንን ቋጠሮ ባልፈቱ።