ጠያቂውን ማን ይጠይቀው? (በ«ሳይበርፐንክ» ጨዋታ የምርመራ ትዕይንት ላይ የቀረበ ሂስ)

«ሂስ በልብ ወለድና በግጥም፣ ቢበዛ በተውኔት ላይ ይቀርባል እንጂ የጨዋታ ሂስ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ባለፈው ዓመት መግቢያ ላይ ብንጠየቅ የምንለው ይህንኑ ነበር። ዳሩ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በአንድ ባዶ መማሪያ ክፍል አምስት ሆነን ስንሰበሰብ ከርመን ሐሳባችንን ለወጥን። ገጸ ባሕርይ ያለው፣ መቼት ያለው፣ ግጭትና ምልልስ ያለው ነገር ድርሰት ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ልዩነቱ ደራሲው አንድ ሰው አለመሆኑ፣ ድርሰቱም እንደተነገረ እዚያው ጠረጴዛ ላይ መቅረቱ ብቻ ነው።

ለማያውቁት በአጭሩ እናስረዳ። ጨዋታው «ሳይበርፐንክ» ይባላል። አሜሪካዊው ማይክ ፖንድስሚዝ የመጀመሪያውን እትም ያወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ የምንጫወተው «ሳይበርፐንክ ሬድ» የተባለውን የ2020 እትም ነው። እንደ ካርታ ወይም እንደ ዳማ አይደለም። አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ ከተማውን ይተርካል፣ በየመንገዱ የሚያጋጥመውን ሰው ሁሉ ሆኖ ይናገራል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ፣ እንዲህ እላለሁ» ይላሉ። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ባለ ዐሥር ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ በወጣው ቁጥር ላይ የገጸ ባሕርይው ተፈጥሮና ሙያ በነጥብ ተሰልቶ ይደመራል። መቼቱ 2045 እ.ኤ.አ.፣ ቦታው ናይት ሲቲ የተባለች የካሊፎርኒያ ምናባዊ ከተማ ናት። ታላላቅ ኩባንያዎች ጦር ተማዘው ያፈራረሷት፣ ሰው ዐይኑንና ክንዱን እያስወለቀ በብረት የሚያስተካባት ከተማ! በእንዲህ ያለች ከተማ ከገንዘብ ይልቅ ምስጢር ይከበራል። ስለዚህም ታሪኩ በየት ዞሮ በየት ቢመጣ አንድ ቀን አንድ ጨለማ ክፍል ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ወንበር ላይ የታሰረ ሰው አለ፤ ፊቱ የቆመ ጠያቂ አለ።

ነገራችን ይህ ትዕይንት ነው። በኛ አስተያየት ከጨዋታው ሁሉ እጅግ የሚያጓጓው እሱ ሆኖ ሳለ፣ እጅግ የሚበላሸውም እሱው ነው። የሌላውን ገበና ከማውጣታችን በፊት የራሳችንን እንናገር። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ሳምንት የአንድ ኩባንያ መጋዘን ዘበኛ ያዝን። ጥያቄያችን አንድ ነበር፤ ዕቃው የት ተወሰደ? ከመካከላችን አንዱ ዳይሱን ወረወረ። «ስንት ወጣ?» «ሁለት።» «እንግዲያው አልተናገረም» አለ አጫዋቹ። አለቀ! ታሪኩ ቆመ። አጫዋቹ የዕቃውን መድረሻ ከዚያ ዘበኛ አፍ በስተቀር ሌላ ቦታ አላስቀመጠውም፤ እኛም ሌላ መላ አልነበረንም። ያ ዳይስ የወረወረው ጓደኛችን እንደ ቀልድ አድርጎ «በቃ ጣቱን አንድ በአንድ እቆርጠዋለሁ፤ ጭማሪ ነጥብ ስጠኝ» አለ። አጫዋቹም ሰጠው። ዳይሱ ተጣለ፤ ስምንት ወጣ፤ ዘበኛው ተናገረ። ሳቅን።

አንድ ጓደኛችን ግን አልሳቀም። እርሳሱን አስቀመጠና «አያቴ በ1970 ዓ.ም. ታስረው ነበር» አለ። የቀይ ሽብርን ጊዜ ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። «ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግራቸውን ገረፏቸው። እስከ ዛሬ ጫማ ሲያደርጉ ይቸገራሉ።» አንዳችን፣ የሚለው ጠፍቶት ይመስለናል፣ «ታዲያ ተናገሩ?» ብሎ ጠየቀው። «አዎ፤ የማያውቁትን ሁሉ» አለ። ያን ማታ ጨዋታው አልቀጠለም። ይህ ጽሑፍም የተወለደው ከዚያች መልስ ነው።

እስቲ ጥፋታችንን እናበጥረው። አንደኛው ጥፋት ዳይሱን ሌባ ሻይ ማድረጋችን ነው። ጥንት በአገራችን ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር። ጠያቂም ተጠያቂም የለም፤ ነገሩን የሚወስነው የልጁ እግር ነው። እኛም ያደረግነው ያንኑ ነው። ሁለት ከወጣ ዝምታ፣ ስምንት ከወጣ ኑዛዜ! በመካከሉ ሰው የለም። ዘበኛው ስም እንኳ አልነበረውም፤ ምን እንደሚፈራ፣ ማንን እንደሚወድ፣ ለምን ዝም እንዳለ አጫዋቹም አላሰበበትም። በልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ «ገጸ ባሕርይው ሕይወት የለውም» ብለን በቀይ እርሳስ እናሰምርበት ነበር። ሁለተኛው ጥፋት ግን ከዚህ ይከፋል፤ ሥቃይን የእውነት ቁልፍ አድርገን መቁጠራችን ነው።

ይህን የምንለው ለስብከት ያህል ብቻ አይደለም፤ እውነታውም አይደግፈውም። የአሜሪካ ሴኔት የስለላ ኮሚቴ በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው የሪፖርት ማጠቃለያ፣ ሲ.አይ.ኤ. ከ2001 ጥቃት በኋላ በእስረኞች ላይ የተጠቀመበት የማስጨነቂያ ምርመራ መረጃ ለማግኘት ውጤታማ መንገድ እንዳልነበረ፣ ከእስረኞቹም አንዳንዶቹ ሐሰት ፈጥረው እንደተናገሩ አስፍሯል። የጓደኛችን መልስ በሦስት ቃል ያለችው ይህንኑ ነው። በአንጻሩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አየር ኃይል መርማሪ የነበረውን ሐንስ ሻርፍን እንመልከት። የተማረኩ የጠላት አብራሪዎችን ሲጠይቅ አይጮኽም፣ አይማታም፤ አብሯቸው በእግሩ እየተንሸራሸረ ያወራ ነበር። ነገሩን አስቀድሞ የሚያውቅ መስሎ ይቀርባል፤ ምርኮኛውም ምንም የነገረው ሳይመስለው የጎደለችውን ቁራጭ ይሰጠዋል። ለአጫዋች ከዚህ የተሻለ የትዕይንት ንድፍ ከየት ይገኛል?

ወደ ኪነ ጥበቡ እንመለስ። የሳይበርፐንክን መልክ ካወጡት ሥራዎች አንዱ፣ ሪድሊ ስኮት ከፊሊፕ ኬ. ዲክ የ1968 ልብ ወለድ ተነሥቶ በ1982 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «ብሌድ ራነር» የተሰኘው ፊልም ነው። ፊልሙ ገና ሲጀምር የሚያሳየን ምርመራ ነው። ሆልደን የተባለው መርማሪ ሊዮን የተባለውን ሠራተኛ ጠረጴዛ ፊት አስቀምጦ ይጠይቀዋል። በመካከላቸው ያለው መሣሪያ የተጠያቂውን የዐይን ብሌን ይከታተላል፤ ሰው ነው ወይስ በፋብሪካ የተሠራ ሰው መሳይ? ጥያቄዎቹ ቀልድ ይመስላሉ። በምድረ በዳ በጀርባዋ የተገለበጠች ዔሊ ታያለህ፤ ለምን አታቀናትም ዓይነት ነው። ማንም አልተመታም፣ ማንም አልታሰረም፤ ሆኖም ላብ ያስመጣል! ለምን? ተጠያቂው የሚደብቀው ወሬ ሳይሆን ማንነቱን ነው፤ የትኛው ጥያቄ እንደሚያጋልጠውም አያውቅም። ስለ እናቱ ሲጠየቅ የሚመልሰው በጥይት ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ደግሞ ይብሳል። ዴካርድ ሬቸልን ሲመረምር፣ ለሌላው ሃያ ሠላሳ ጥያቄ የሚበቃው ለሷ ከመቶ በላይ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም ሰው ሠራሽ መሆኗን ራሷም አታውቅም። ቆይቶ ቤቱ ውስጥ ሳሉ፣ ያንን ምርመራ አንተ ራስህ ተመርምረህ ታውቃለህ ወይ ስትል ትጠይቀዋለች። ዴካርድ እንቅልፍ ወስዶታል፤ መልስ የለም። ለኛ የፊልሙ ቁልፍ ይህች ናት። ጥሩ የምርመራ ትዕይንት ማለት ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ጠያቂው ላይ የሚያርፍበት ነው። አባቶቻችን በሙግት አደባባይ «በላ ልበልሃ»፣ «ተጠየቅ» እየተባባሉ ሲከራከሩ ሰው ሥራውን ትቶ ይሰማ የነበረው ለዚሁ ይመስለናል፤ ጠያቂው በተራው ተጠያቂ ነው፤ ቃሉ ከደከመ እሱው ይረታል።

የጨዋታው መጽሐፍስ ምን ይላል? እዚህ ላይ ማመስገንም መውቀስም አለብን። ከዘረዘራቸው ሙያዎች መካከል ሁለቱን እናንሣ። አንዱ «ምርመራ» ነው፤ በግድ ማናዘዝ ማለት ሲሆን ከቆፍጣናነት ነጥብ ጋር ይደመራል። ሌላው «ጭውውት» ነው፤ ሰውየው ሳይነቃ በወሬ ወሬ ምስጢሩን ማውጣት ሲሆን ከርኅራኄ ነጥብ ጋር ይደመራል። ርኅራኄ ያልነው የሌላውን ስሜት የመጋራት ችሎታ ነው። አሁን ልብ በሉ! በዚሁ መጽሐፍ ሕግ ሰው አካሉን በብረት ባስተካ ቁጥር ሰብአዊነት ከተባለው ነጥቡ ይቀነስበታል፤ ዐሥር ነጥብ ሰብአዊነት ባጣ ቁጥር ደግሞ ርኅራኄው በአንድ ይወርዳል። ውጤቱ ምንድን ነው? ክንዱንም ዐይኑንም ጆሮውንም ያስቀየረ ጀግና ማስጨነቅ ይችላል፤ ማጫወት ግን አይችልም። ሰውን እንደ ሰው መጠየቅ ተስኖታል። ይህ በደረቅ ቁጥር የተጻፈ ትልቅ ጭብጥ ነው፤ ስንት ልብ ወለድ በሦስት መቶ ገጽ የማይደርስበት! የምንወቅሰው ጭብጡን እዚያው ቁጥር ውስጥ ቀብሮ መተዉን ነው። ሁለቱንም ሙያዎች በጥቂት መስመር ገልጾ ያልፋል፤ ጀማሪ አጫዋችም «ምርመራ» የሚለውን ስም ሲያይ ወደዚያው ይሮጣል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ትዕይንት እንደገና ተጫወትነው። ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ ታሪኩ በአንድ ሰው አፍ ላይ እንዳይንጠለጠል የዕቃው መድረሻ ፍንጭ በሌላም ቦታ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ዳይሱ የሚወስነው ይናገር አይናገር ሳይሆን መናገሩ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ይሁን። ሦስተኛ፣ ዘበኛው የሚፈልገው፣ የሚፈራውና እኛን የሚጠይቀው ነገር አስቀድሞ ይታሰብ። ይህን ጊዜ ያ የአያቱን ነገር ያወጋን ጓደኛችን «ዘበኛውን እኔ ልሁን» አለ። አጫዋቹ ለቀቀለት።

ዘበኛው ስም አገኘ፤ ዕዳም አገኘ። የብረት ዐይኑን የገጠመለት ኩባንያው ነው፤ በየወሩ ከደመወዙ ይቆረጥበታል፤ ዐይኑ የሚያየውንም ኩባንያው ሊያይ ይችላል። ወይ ጉድ! ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ለካስ መርማሪዎቹ እየተመረመሩ ነው። ቆፍጣናው ጓደኛችን ዝም አለ። አንድ ክንዷን ብቻ ያስቀየረችው ሐኪም ቀረበች። ዕቃው የት ሄደ አላለችውም፤ «ዐይንህን ያምሃል?» አለችው። «ሲበርድ» አላት። «ዕዳው ስንት ቀረህ?» «አራት ዓመት።» እንዲህ እንዲህ እያሉ ሄዱ። ዳይሱ አንድ ጊዜ ብቻ ተጣለ፤ ሦስት ወጣ። እንደ ድሮው ቢሆን ታሪኩ እዚያ ላይ ይቆም ነበር። አሁን ግን ዘበኛው ተናገረ፤ እስኪናገር ድረስ ጊዜው ስለባከነ የኩባንያው መኪና ደጃፉ ላይ ቆመ። ሊወስዱት ሲያነሡት ወደ ሐኪሟ ዞረና «አንቺስ ክንድሽን ለማን ነው የምትከፍዪው?» አላት። አጫዋቹ ዳይስ ጣይ አላላትም። እሷም ቶሎ አልመለሰችም። ከዓመቱ ጨዋታ ሁሉ ዛሬም የምናነሣው ያንን ዝምታ ነው።

«ሳይበርፐንክ ጨካኝ ዓለም ነው፤ ጭካኔውን ካወጣችሁለት ምን ቀረው?» የሚሉን አሉ። ጭካኔው ይውጣ አላልንም። ኩባንያው ይጨክን፤ ሰው ቆስሎ ይምጣ። የምንለው ድርሰቱ አይዋሽ ነው። ጣት በተቆረጠ ቁጥር እውነት ይወጣል የሚል ታሪክ በቁጥርም ተነገረ በቃል ውሸት ነው፤ ውሸትነቱን በእግራቸው የሚያውቁ ሰዎች በየቤታችን አሉ። «ጨዋታ ነው፣ አታክብዱት» ለሚሉንም፣ ከጓደኞቻችን ማን ምን ታሪክ ይዞ ጠረጴዛው ላይ እንደሚቀመጥ አናውቅም እንላለን። ከመጀመሩ በፊት «እዚህ ላይ ባንደርስ የምትሉት ነገር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ተጠያቂዎቹ የተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርያት ሲሆኑ ነገሩ ይገለበጣል። አጫዋቹ አስሮ ይናገራል፣ እነሱ ይሰማሉ፤ ይህ ስብሰባ እንጂ ትዕይንት አይደለም። ለታሰረ ሰው ምርጫ ተዉለት፤ እውነቱን ሰጥቶ ጓደኛውን ያድን፣ ዋሽቶ ጊዜ ይግዛ፣ ወይም ዝም ብሎ ዋጋውን ይክፈል። ምርጫ ከሌለው ገጸ ባሕርይ መሆኑ ቀርቷል።

የኛ መንገድ ብቸኛው ነው አንልም። መጽሐፉን በሌላ ዓይን ያየ፣ ወይም እኛ ያበላሸነውን ትዕይንት ያሳመረ ካለ ይጻፍልን፤ ዓምዱ ክፍት ነው። ቅዳሜ ማታም አንድ ወንበር አለን።