በዓይን የሚታየው መዝገብ ቤት፤ ስለ ፋይል ማኔጀር የቀረበ ሂስ

የጥናት ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ዛሬ ወረቀቱን የሚያኖረው በኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ያኖረውን ለማየት፥ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ለማዛወርና ለመሰረዝ የሚያገለግለውም ፋይል ማኔጀር የተባለው ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም የዘወትር ባልደረባችን ስለ ሆነ እንደ ድርሰት ወይም እንደ ሥዕል ተመርምሮ ሲተች አይታይም። ነገር ግን ፋይል ማኔጀር በመሠረቱ ሥዕል ነው፤ ይኸውም በዲስክ ላይ በቁጥር የተጻፈውን ነገር በፎልደርና በወረቀት መልክ አስመስሎ የሚያሳይ ነው። ሥዕል ከሆነ ዘንድ አስቀድመን ልንጠይቀው የሚገባን፥ የሚያሳየን እውነት ነው ወይስ አይደለም ብለን ነው። ውበቱና ፍጥነቱ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የሥዕሉ ምንጭ ቢሮ ነው። ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ስታር የተባለውን ኮምፒዩተር ባወጣ ጊዜ፥ የጽሕፈት ጠረጴዛን፥ ፎልደርንና የመዝገብ መሳቢያን በስክሪኑ ላይ ሥሎ አቀረበ። ከዚያ በፊት አብዛኛው ተጠቃሚ ትእዛዙን በቃላት እየጻፈ፥ የፋይሎቹን ስምና ስፍራ በአእምሮው ይይዝ ነበር። አፕል በ1984 ማኪንቶሽን ሲያወጣ፥ ፋይንደር በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ይኸንኑ አሳብ ለብዙ ሰው አደረሰ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ፎልደር ለዓይን ብቻ ነበር። ዲስኩ ፋይሎቹን ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይይዛቸው ስለ ነበር፥ በሁለት ፎልደሮች ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ማስቀመጥ አይቻልም ነበር። ጉድለቱ የተቃናው በ1985 አዲስ የዲስክ አደረጃጀት ሲመጣ ነው። ስለዚህ ሥዕሉና እውነቱ የተለያዩት ገና ከመነሻው ነው ለማለት ይቻላል።

ዛሬም ልዩነቱ አልጠፋም። በዊንዶውስ አንድን ፋይል በማውስ ጎትተው በዚያው ዲስክ ላይ ወዳለ ሌላ ፎልደር ቢጥሉት ይዛወራል፤ ወደ ፍላሽ ቢጥሉት ግን ይገለበጣል፥ የመጀመሪያውም በቦታው ይቀራል። የእጁ ሥራ አንድ ሲሆን ውጤቱ ሁለት ነው። በወረቀት ቢሮ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ከመሳቢያ አውጥተን ለሌላ ሰው የሰጠነው ወረቀት ተመልሶ በመሳቢያው አይገኝም። ፍላሽ ይዞ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ማደሪያው የሚመላለስ ተማሪ፥ የመመረቂያ ጽሑፉ ሁለት ሆኖበት አንዱን አርሞ ሌላውን ቢያስረክብ ሊያስደንቀን አይገባም። ስንፍናው ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በሚጎትትበት ጊዜ ከጠቋሚው አጠገብ ከምትታይ ትንሽ ምልክት በቀር የነገረው የለም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የፋይልን ስም ግን የሚያወጣው ባለቤቱ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ከጫፉ ይቆርጥለታል። ከ1995 ጀምሮ የፋይሉን ዓይነት የሚያስታውቀው ቅጥያ፥ ተጠቃሚው ራሱ እንዲታይ ካላዘዘ በቀር ተደብቆ ይቀርባል። የታሰበው ለጀማሪ ለማቅለል ነበር። በ2000 በዓለም የተዛመተው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ ግን በዚህ ተጠቀመ። የፋይሉ ስም በተራ ጽሑፍ ቅጥያ የሚያበቃ መስሎ ሲታይ፥ ፕሮግራም መሆኑን የሚገልጸው እውነተኛው ቅጥያ ከኋላ ተሰውሮ ነበር።

በአማርኛ ስም ለሚያወጣ ሰው ሌላም ችግር ይጨመራል። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ፋይሎቻችንን በገዛ ፊደላችን ለመሰየም መቻላችንም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በዩኒኮድ «ሠ» እና «ሰ»፥ «ጸ» እና «ፀ» የተለያዩ ቁጥሮች አሏቸው። ስለዚህ «የጥናት ሥራ» ብሎ ያስቀመጠ ሰው «የጥናት ስራ» ብሎ ቢፈልግ፥ ፊደልን በፊደል የሚያመሳክር ፈላጊ የለም ይለዋል። ፋይሉ በቦታው ተቀምጦ ሳለ ጠፋ ማለት ነው። እንዲሁም በሊኑክስ የተለመደው የዲስክ አደረጃጀት ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። አንዱ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ፥ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ 255 ፊደል ሲፈቀድ ለእኛ የሚደርሰን 85 ብቻ ነው።

አንዳንድ ሰዎች የፎልደር ዘመን አልፏል፥ ፍለጋ ብቻ ይበቃል ይላሉ። ከላይ የተመለከትነው የፊደል ነገር ይህን አስተያየት ለአማርኛ ጸሓፊ አጠራጣሪ ያደርገዋል። ከዚህም ሌላ አፕል በ2007 አይፎንን ያለ ፋይል ማኔጀር ካወጣ በኋላ፥ በ2017 ፋይልስ የተባለውን ፕሮግራም ሊጨምርለት ግድ ሆኖበታል። ሰው ዕቃውን ያኖረበትን ስፍራ ማወቅ ይፈልጋልና።

በእኔ አስተያየት ፋይል ማኔጀር ሰውን ትእዛዝ በቃል ከማጥናት ሸክም ስላወጣው ሊመሰገን ይገባዋል፤ የሚነቀፈውም ለማቅለል ሲል የሚያስፈልገንን ነገር ስለሚደብቅ ነው። ጥሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ባለጉዳዩን ወደ መደርደሪያው አያስገባውም፤ ፋይሉ የት እንዳለ ሲጠየቅ ግን ቁጥሩን ጠርቶ ይናገራል። ከፕሮግራሙ የምንጠብቀውም ይኸንኑ ነው። እስከዚያው ድረስ ተማሪው ቅጥያው እንዲታይ ማዘዝ፥ በመስኮቱ አናት ያለውን የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ማንበብና የሚያርመውን ጽሑፍ በአንድ ስፍራ ብቻ መያዝ ይገባዋል። ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩት ጓደኞቻችን ደግሞ «ሠ»ን ከ«ሰ» ሳይለይ የሚፈልግ መሣሪያ ለመሥራት ቢነሡ፥ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርእስ አገኙ ማለት ነው።