ከጀርባው ጀምሩ

የመቅደላን ሜዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ ንግሥት ቪክቶሪያን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚያሳየኝ። እኔ ተቀብዬ እገለብጠዋለሁ።

እንግሊዞች በጀኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ለዘመተው ጦራቸው የሰጡት ይህ ሜዳይ ከብር የተሠራ ነው። ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከተለመደው የዘመቻ ሜዳያቸው በ4 ሚሊ ሜትር ያንሳል። አብዛኞቹ የእንግሊዝ ሜዳዮች የወታደሩን ስም ጠርዛቸው ላይ ሲይዙ፣ ይኼኛው ግን ከነክፍለ ጦሩ ጀርባው መሀል ላይ፣ በቅጠል ጉንጉን ተከቦ ይዞታል። ያውም ፊደሎቹ ከብሩ ወደ ላይ ያበጡ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ እንዲህ ማተም ከባድ ወጪ ነበር፤ በኋላም አልደገሙትም።

ለገዢ ግን ትልቅ ውለታ ነው። የሰመጠ ስም በሞረድ ተፍቆ በሌላ ይተካል፤ ያበጠ ስም አንዴ ከተፋቀ ግን ተመልሶ የሚያብጥበት ብር የለም። ስለዚህ ሜዳዩን በመብራት ፊት አዘንብላችሁ እዩት። የስሙ አካባቢ እንደ ሳህን ጎድጎድ ካለ፣ እጅ ገብቶበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አብረው ለዘመቱት የህንድ ወታደሮች ከተሰጡት አብዛኞቹ ስማቸው ወደ ውስጥ የተመታ ነው፤ ስለዚህ የሰመጠ ስም ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። ክፍለ ጦሩን አንብቡ። የህንድ ክፍለ ጦር ከሆነ የሰመጠው ስም ቦታው ነው፤ የእንግሊዝ ወታደር ከሆነ ግን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሻጩን ብዙ ጠይቁት። በማጉያ መነጽርም የፊደሉን ጫፍ እዩ። በብረት ማኅተም የተመታ ፊደል ጥልቀቱ እኩል ነው፤ በመቅረጫ የተጫረ ደግሞ ጫፉ እየቀጠነ ያልቃል።

ፊቱን እንመልከት። ቪክቶሪያ ዓይነ ርግብ ደፍታ፣ አነስ ብላ በመሀል ተቀምጣለች። ዙሪያዋን ባለ ዘጠኝ ጫፍ ኮከብ አለ፤ በጫፎቹ መካከል የላቲኑ «አቢሲኒያ» ዘጠኝ ፊደላት ተበትነዋል። አገሬ በተወረረችበት ዘመቻ መታሰቢያ ላይ ይህን ማመስገን ይተናነቀኛል፤ ቢሆንም ሥራው ግሩም ነው። ጥሩ ሜዳይ ላይ የዓይነ ርግቡ እጥፋት ይቆጠራል፤ የኮከቡ ጫፎችም ስል ናቸው። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ቅጂ ግን ብሩ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል፤ ገጹም ነቁጥ ነቁጥ ይላል። መለኪያ ካልያዛችሁ አትግዙ።

የብሩን ጥቁረት አትጠቡት። እኛ ቤት ብር ሲያብረቀርቅ ደስ ስለሚል ስንቱን ሜዳይ አበላሽተናል! አንድ ጊዜ እኔም ታጥቦ የደመቀ ሜዳይ ገዝቼ ነበር፤ የንግሥቲቱ ጉንጭ እንደ ሳሙና ሟሙቶ ያገኘሁት ቤቴ ገብቼ ነው።

የጣሊያኖቹ የአፍሪካ ዘመቻ ሜዳይ፣ ቀዳማዊ ኡምቤርቶ ያሉበት፣ ሌላ ጠባይ አለው። የተሸላሚው ስም ስለማይጻፍበት ማን እንደለበሰው ብቻውን አይናገርም፤ ከሽልማት ወረቀቱ ጋር ካልተገኘ የማንም ነው።

ለንጉሣዊ ጉብኝትና ለዘውድ በዓል የተሠሩት ሜዳዮችም በአብዛኛው ስም የላቸውም። በነሱ ላይ የግዕዝ ጽሑፍ ካለ ከመልኩ በፊት ፊደሉን አንብቡ። «ንጉሠ ነገሥት» በንጉሡ «ሠ» ነው። በ«ሰ» ተጽፎ ካያችሁት፣ ወይ ቀራጩ ፊደሉን አያውቅም፣ ወይ ሜዳዩ ከተባለው ዘመን በኋላ የመጣ ነው፤ በሁለቱም መንገድ ዋጋው ይውረድ።

ጥብጣቡ አዲስ ቢሆን አያስጨንቅም፤ ጨርቅ ያልቃል፣ ይቀየራል። የሚያሳስበው ማንጠልጠያው ነው። የመቅደላው ከላይ ዘውድና ቀለበት አለው፤ አንዳንዶቹ ግን ማንጠልጠያቸው ተቆርጦ ለሴት ደረት ጌጥ መርፌ ተበይዶባቸዋል። ብየዳው ተነሥቶ ዘውዱ እንደገና ከተለጠፈ፣ ከዘውዱ ሥር ጣታችሁን ስታሳልፉ ሻካራ ነገር ትነካላችሁ።