የቁማርተኛ ሙያ፤ ስለ አንድ መጽሐፍ የተሰጠ አስተያየት

ባለፈው ክረምት ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በምትገኝ ቡና ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የማውቀው አንድ ወጣት መጣና አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በእጄ አኖረ። «ጋሼ፣ ይህን አንብበው ለእናቴ እውነቱን ይንገሩልኝ» አለኝ።

ልጁ የካዛንቺስ ተወላጅ ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሚሠራላቸው መሥሪያ ቤት ስም እንደ ሆነ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ጎረቤቶቹ ወደየአቅጣጫው ተበተኑ፤ ዕቁባቸው ግን አልተበተነም። የልጁም እናት እንደ ሌሎቹ ከሩቅ እየተሳፈሩ እየመጡ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቂርቆስ ዕቁባቸውን ይጥላሉ። ዕጣ ካልወጣላቸው ጥቂት ሰዎች መካከል እርሳቸው አንዷ ናቸው። ልጁ የሚፈልገው ይህ ገንዘብ ሲወጣ ለእርሱ መደብ እንዲሆነው ነው፤ ሥራውን ትቶ በስልኩ ፖከር መጫወት ጀምሯልና። «እኔ እንደ ቤቲንግ ቤት ሰዎች ዕድል አልጠብቅም። ፖከር ሙያ ነው፤ መጽሐፉ ያሳይዎታል» አለኝ። እኔም አንብቤ የመሰለኝን እንደምናገር ቃል ገባሁለት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንባብ ፍሬ ነው።

መጽሐፉ ኖላን ዳላና ፒተር አልሰን የሚባሉ አሜሪካውያን የጻፉት፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2005 የታተመ የስቱ አንጋር የሕይወት ታሪክ ነው። (በአሜሪካ ስለ ሆነው ነገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) ዳላ ሰውዬው ከመሞቱ በፊት ቃሉን ከአፉ ተቀብሎ ስለ ነበር፣ መጽሐፉ የወሬ ወሬ አይደለም። በሽፋኑ ላይ የዓለም ታላቁ የፖከር ተጫዋች ይለዋል፤ ከሙያው ሰዎችም ብዙዎቹ ይህን ማዕርግ አይነፍጉትም።

ፖከርን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ዛሬ በይበልጥ በተለመደው ዓይነት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በስውር ይታደላል፤ አምስት ካርታዎች ደግሞ በየተራ በጠረጴዛው መካከል ይገለጡና ለሁሉም የጋራ ይሆናሉ። ተጫዋቹ በየደረጃው ገንዘብ ይጨምራል፤ አለዚያም ካርታውን ጥሎ ይወጣል። መናኛ ካርታ የያዘው ሰው በድፍረት ገንዘብ ጨምሮ፣ ደኅና ካርታ የያዘውን አስደንግጦ ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህም ሒሳብ ማወቅና አለመርሳት፣ ይልቁንም የሰውን ፊት ማንበብ ያስፈልጋል። አንድን ሌሊት ዕድል ይገዛዋል፤ በዓመት ውስጥ ግን ብልኁ ሰነፉን እንደሚበልጠው አያጠራጥርም። በ2017 በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ ሊብራተስ የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከአራት ባለሙያዎች ጋር 120 ሺህ ጊዜ ያህል ተጫውቶ ረትቷቸዋል፤ ነገሩ ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ልጁ በዚህ በኩል እውነት ተናግሯል፤ አልክደውም። (በስልኩ ውስጥ ከወዲያ ማዶ የተቀመጠው ሰው ይሁን ፕሮግራም በምን ያውቃል ብዬ ብጠይቀው ግን መልስ አልነበረውም።)

አንጋር በ1953 በኒውዮርክ ተወለደ። አባቱ መጠጥ ቤት ያለውና ውርርድ የሚቀበል ሰው ስለ ነበር፣ ልጁ ቁማርን ለመማር ከቤቱ መራቅ አላስፈለገውም። ካርታ እየሳቡና እየጣሉ ተመሳሳይ ወይም ተከታታይ የሆነውን የሚያሰባስቡበት፣ ከእኛ ኮንከር ጋር የሚቀራረብ ጂን የሚባል ጨዋታ አለ። በዚህ ጨዋታ አንጋር ገና በወጣትነቱ ወደር አጣ። ወደር አጣ ስል ለማሞገስ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ ጋር ለመቀመጥ የሚፈቅድ ሰው በእውነት ጠፋ። ወደ ፖከር ያዞረውም ይኸው ነው። በ1980ና በ1981 በላስ ቬጋስ የሚደረገውን የዓለም ሻምፒዮና በተከታታይ ወሰደ።

ደራሲዎቹ ተጋጣሚ ማጣቱን የሚያወሱት በአድናቆት ነው። እኔ ግን የመጽሐፉ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ካዛንቺስ በደኅናው ዘመን አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እጁ የተባረከ መሆኑ በታወቀ ቍጥር ደጁ በሰው ይጨናነቅ ነበር። የአናጢው፣ የሐኪሙ፣ የጠበቃውም ነገር እንዲሁ ነው። ቁማርተኛው ግን ሙያው ሲታወቅ ሰው ይሸሸዋል። እንጀራውን የሚያገኘው ከእርሱ የሚያንስ ሰው፣ ማነሱን ሳያውቅ መጥቶ ሲቀመጥለት ነው። እንግዲህ «ፖከር ዕድል ሳይሆን ሙያ ነው» የሚለው ቃል ለቁማርተኛው መከላከያ ይሆነዋል ወይስ ክስ? በዕድል የወሰደ ሰው ቢያንስ ሌላው ሰው መድከሙን አይቶ አልወሰደም።

ልጁ ክሪስ መኒሜከር የሚባለውንም ሰው ያደንቃል። ይህ ሰው የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ በ2003 በ86 ዶላር በኢንተርኔት ተወዳድሮ፣ መግቢያው 10 ሺህ ዶላር ወደሚያስከፍለው የዓለም ሻምፒዮና ገባና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የቤተሰቡ ስም በትርጕሙ ገንዘብ ሠሪ ማለት ነው። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ የተሠራ ገንዘብ አልነበረም። 839 ሰዎች ገብተው ነበር፤ ገንዘቡ ከብዙ ኪስ ወደ ጥቂት ኪስ ተዛወረ እንጂ።

ቋንቋችን ይህን ነገር ከደራሲዎቹ ይልቅ አጥርቶ ያውቀዋል። እነርሱ «አሸነፈ» ይላሉ፤ እኛ «በላ» እንላለን። «ተሸነፈ» የሚሉትን እኛ «ተበላ» እንለዋለን። የሙያው ሰዎችም እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ደካማውን ተጫዋች «ዓሣ» ይሉታል፤ ዓሣ ደግሞ ለምን እንደሚጠመድ የታወቀ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የሚበሉት ሰዎች እንደ ዶይል ብራንሰን ያሉ ስመ ጥሮች ሲሆኑ ስማቸው ይነሣል። ሌሎቹ፣ በየሌሊቱ ለእንጀራው የሆኑት፣ ስምም ፊትም የላቸውም። አንድ የሕይወት ታሪክ ስለ ጀግናው ብቻ ቢናገር አይወቀስም ይባል ይሆናል። ስለ አዳኝ የሚጽፍ ሰው ግን አውሬውን አንድ ጊዜ እንኳ ባያሳየን፣ ስለ አደን ምን ነገረን?

ይህን የምጽፈው ከውጭ ቆሜ አይደለም። በወጣትነቴ እዚሁ ቂርቆስ፣ ከአንድ ጠጅ ቤት ጓሮ ባለ ክፍል ውስጥ በገንዘብ ኮንከር እጫወት ነበር። የተጣለ ካርታ አልረሳም፤ በዚህም እኮራ ነበር። በአንድ የደመወዝ ቀን አንድ ግንበኛ መጥቶ ተቀመጠ። ደክሞት ነበር፤ ኖራው ከእጁ አልታጠበም። ከሁለት ዙር በኋላ አንድ ነገር አየሁበት፤ ደኅና ካርታ ሲገባለት በጣቶቹ መካከል ያለውን ሲጋራ ይረሳዋል። አመዱ ሲረዝም እሸሻለሁ፤ ሲጋራውን ሲያጨስ መደብ እጨምራለሁ። ሙያዬ ይህ ነበር። ሊነጋጋ ሲል የወር ገንዘቡን በላሁት። ካርታ አልሰረቅሁም፤ እርሱም አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ሲነሣ እንደ ደንቡ የመሳፈሪያ ሰጠሁት፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኝ ወጣ። እኔም ወደ ቤቴ ስሄድ ስለ ቸርነቴ እያሰብሁ ነበር።

መጽሐፉ ስለ አንጋር ቸርነት ሲተርክ፣ ለአሳላፊና ለበረኛ ገንዘብ እንዴት ይበትን እንደ ነበር ሲናገር፣ ያች የመሳፈሪያ ብር ትዝ አለችኝ። ደራሲዎቹ ይህን ከበጎ ጠባዩ ይቈጥሩለታል። እኔ ለመቊጠር ቸገረኝ።

ታዲያ በካርታ ያን ያህል የሚበላ ሰው ገንዘቡ ወዴት ሄደ? መጽሐፉን ፈጥኖ የሚያነብ ሰው «ኮኬይን አጠፋው» ብሎ ይዘጋዋል። ኮኬይን ሰውነቱን እንዳጠፋው የታወቀ ነው። በ1990 ሻምፒዮና በሦስተኛው ቀን ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ራሱን ስቶ ተገኘ፤ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሳለ እስከዚያ ያከማቸው ብቻ ዘጠነኛ አደረገው። ገንዘቡን ያራቆተው ግን ኮኬይን ብቻ አልነበረም፤ በካርታ የበላውን በፈረስ እሽቅድምድምና በስፖርት ውርርድ ይበላው ነበር። እዚህ ላይ ልጁን አሰብሁ። የስፖርት ውርርድ ቤቶች ካዛንቺስንና ቂርቆስን ሞልተው ሳሉ፣ በየግድግዳው የተሰቀለውን የኳስ ጨዋታ እያዩ ትኬት የሚቈርጡትን ጓደኞቹን ይንቃቸው ነበር። የከተማው አስተዳደር በ2014 ዓ.ም. ብዙዎቹን ቤቶች ሲዘጋም «ደግ አደረገ» ብሎኛል። እነሆ የዓለም ታላቁ ባለሙያ፣ ካርታ ላይ ሰውን እንደ መስተዋት የሚያይ ሰው፣ ከጠረጴዛው ተነሥቶ እነዚያው ትኬት ቈራጮች በተሰለፉበት መስኮት ይሰለፍ ነበር። ሙያው አልጠበቀውም። እንዲያውም ሌሊቱን ሁሉ ሰው ሲበላ ያደረ ሰው፣ ገንዘብ በላብ የሚመጣ መሆኑን ስለሚረሳ፣ ሲበላም አይሰማውም ብዬ እገምታለሁ። ይህን ከራሴ ነው የማውቀው፤ ከግንበኛው የበላሁት ገንዘብ ከእኔ ጋር አራት ቀን አልዋለም።

በ1997 ቢሊ ባክስተር የሚባል ቁማርተኛ 10 ሺህ ዶላር ከፍሎለት ወደ ሻምፒዮናው ገባና ለሦስተኛ ጊዜ ወሰደው። ሽልማቱ አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ግማሹ የባክስተር ሆነ፤ የእርሱም ድርሻ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ። በኅዳር 1998 በላስ ቬጋስ በአንድ ርካሽ ማደሪያ ክፍል ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 45 ነበር፤ የተገኘበት ገንዘብ 800 ዶላር ያህል ነው፤ ለቀብሩም ሰው አዋጣ። ደራሲዎቹ ይህን ክፍል በሐዘን ጽፈውታል፤ እኔም ሳነብ አዝኛለሁ። መጽሐፉ ቢነበብ አይጐዳም፤ የሚናገረውን እውነት ራሱ የማይሰማ መጽሐፍ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም።

ዕጣ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ዕቁብም ዕጣ አለው። ነገር ግን የዕቁብ ዕጣ የሚወስነው መቼ እንደሚደርስህ ነው እንጂ መድረሱን አይደለም፤ ቀድሞ የወጣለትም እስከ መጨረሻው ሲጥል ይኖራል። በዕቁብ ውስጥ ብልኅ የሚበላው ሰነፍ የለም። ልጁ መደብ ሊያደርገው የሚፈልገው እንግዲህ ይህን ገንዘብ ነው።

መጽሐፉን ስመልስለት ከዚህ የጻፍሁትን ሁሉ፣ የግንበኛውንም ነገር ሳልደብቅ ነገርሁት። አቋርጦኝ ይከራከራል ብዬ ነበር፤ አልተከራከረም። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «ሰውዬውን በኋላ አገኙት?» ብሎ ጠየቀኝ። አላገኘሁትም። ከዚያ ሌሊት ወዲያ ወደዚያ ቤት አልመጣም፤ እኔ ግን ከዚያም በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ተመላልሼበታለሁ። ይህንንም ነገርሁት።

እናቱን ገና አላነጋገርኋቸውም። ዕጣ ያልወጣላቸው ሦስት ሰዎች ቀርተዋል፤ የሚቀጥለው እሑድ ይወጣል።