«ጉዳት የለውም» ማለት ይበቃልን?
ስለ አንድ የሕክምና መጽሐፍ የቀረበ ሂስ

የዓለም ጤና ድርጅት ግርዛት ለተፈጸመባቸው ልጃገረዶችና ሴቶች ስለሚሰጠው ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው የክሊኒክ መጽሐፍ በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህና በቶጎ ውጫሌ ለተመደበ ባለሙያ የዕለት ሥራውን የሚመለከት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሶማሌ ክልል ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች 99 በመቶ ያህሉ የተገረዙ መሆናቸውን አመልክቷል፡፡ ከእነዚህም አብዛኞቹ ብልታቸው የተሰፋ ነው፡፡

የመጽሐፉ ቀዳሚ ብርታት በጠባሳው ላይ የሚወጣውን እብጠት ከአሳፋሪ ምስጢርነት አውጥቶ ተገቢ የሕክምና ጉዳይ ማድረጉ ነው፡፡ የእብጠቱ አመጣጥ ግልጽ ነው፡፡ በስፌቱ ሥር የተቀበረው የቆዳ ገጽ እንደ ወትሮው ሕዋሳቱን ያራግፋል፤ መውጫ ስለሌለው ግን ይጠራቀማል፡፡ በዓመታት ውስጥ ከሽምብራ ፍሬ ተነሥቶ ብርቱካን እስከማከል ሊደርስ ይችላል፡፡ በተፈጥሮው ካንሰር አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፡፡

ይሁን እንጂ ለዓለም ሁሉ የተጻፈ መጽሐፍ የአንድን አካባቢ ችግር አሟልቶ ሊይዝ አይችልም፡፡ መጽሐፉ ከታካሚዋ ጋር ስለሚደረገው ንግግር ሰፊ ቦታ መስጠቱ ያስመሰግነዋል፡፡ ነገር ግን ባለሙያው አማርኛ፣ ታካሚዋ ሶማሊኛ ብቻ በሚናገሩበት ክፍል አስተርጓሚ የምትሆነው ብዙ ጊዜ አብራ የመጣች ዘመድ ናት፡፡ ባሏ ዘንድ የምታፍርበትን ሕመም በአማቷ አፍ እንድትናገር የተገደደች ሴት እውነቱን ትደብቃለች፡፡ በዚህ ረገድ ሶማሊኛ የምትናገር አዋላጅ ነርስ መመደብ ከማናቸውም ምዕራፍ የበለጠ ይጠቅማል፡፡

ሁለተኛው አስተያየት «ጉዳት የሌለው» የሚለውን አነጋገር ይመለከታል፡፡ ቃሉ ስለ እብጠቱ ባሕርይ እንጂ ስለ ሴቲቱ ኑሮ አይናገርም፡፡ ትንሽና ሕመም የሌለው እብጠት ከማብራሪያና ከማጽናናት ጋር ሊተው ይችላል፡፡ የሚያምም፣ የመገለ፣ መቀመጥን፣ ሽንትን ወይም ግንኙነትን የሚያውክ ግን ወደ ቀዶ ሕክምና ሊላክ ይገባል፡፡ ይዘቱ ወፍራም በመሆኑ በመርፌ መምጠጥ መፍትሔ አይሆንም፡፡ በጤና ጣቢያ በችኮላ መቅደድም ከጠባሳው ሥር የቀረውን ቂንጥርና ነርቭ ሊጎዳ፣ ከባድ መድማትም ሊያስከትል ይችላል፡፡

ባለሙያው ሌሎቹንም መለየት አለበት፡፡ በብልት መግቢያ ግራ ወይም ቀኝ በታችኛው በኩል የሚገኘው የባርቶሊን ዕጢ እብጠት ነው፤ ከ40 ዓመት በላይ በሆነች ሴት ላይ አዲስ ከታየ ናሙና ሊወሰድለት ይገባል፡፡ ሲነካ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ትንሽ እብጠት ደግሞ የነርቭ ጠባሳ ሊሆን ይችላል፡፡

እብጠቱ ከወጣ በኋላ መልሶ መስፋት ክልክል ነው፡፡ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 566 ብልትን መስፋት ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል፡፡ መጽሐፉን ሙሉ የሚያደርገው እንግዲህ አንባቢው ነው፤ «ጉዳት የለውም» ከማለቱ በፊት «ምን ያስቸግርሻል?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ፡፡